ድሬና ሐረር ለእረፍት ሲወርዱ፦ በሰዓቱ የመብላት መመሪያ

ለእረፍት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በምግቡ ምርጫ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ፈጢራ የጠዋት ነው፣ ሩዝ በሥጋ የቀትር፣ ሳንቡሳ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ። ሙቀቱ ነው ይህን ያመጣው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት፤ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ጥላና ወደ በርጫ (የጫት መቃሚያ ጊዜ) ይገባል። 9 ሰዓት ላይ ምሳ የጠየቀ እንግዳ የሚደርሰው የተረፈው ነው፤ እሱም በዚያ ሙቀት ሲቆይ የዋለ ነው።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ፈጢራ ቤት ይግቡ። ሠሪው ከፊትዎ የሚሠራበትን ቤት ይምረጡ፤ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት እጁን አይተው ነውና። የስንዴ ሊጡ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ እየተመታና እየተጎተተ፣ ጠረጴዛው ከሥሩ እስኪታይ ድረስ መሳሳት አለበት። ከዚያ የተመታ እንቁላል መሃሉ ላይ ይፈስና አራቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ሊጡ በደንብ ሳይሳሳ ከታጠፈ ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ዘይቱ ጠቁሮ የሚያጨስና ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ሌላ ቤት ይሂዱ፤ ድሬ ላይ ፈጢራ ቤት አይታጣም።

በእንቁላል ብቻ፣ በማር ብቻ ወይም በሁለቱም ማዘዝ ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው በሁለቱም ይሻላል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሁለተኛውን የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ይዘዙ፤ የቀዘቀዘ ፈጢራ ይጠነክራል፣ ዘይቱም አፍ ላይ ይረጋል። አስተናጋጁ «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢልዎት ቅር አይበልዎት። ድሬ ላይ ይህ የቅርበት እንጂ የንቀት አይደለም፤ አዛውንቱም እንዲሁ ነው የሚጠሩት።

ሥጋ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የእስላም ነው የክርስቲያን? በሁለቱም ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራል፣ ሥጋ ቤቱ ግን የየራሱ ነው። በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ካዩ ጥያቄው ተመልሷል። ምልክት ከሌለ በግልጽ ይጠይቁ፤ እዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሳይጠይቁ በልቶ መጸጸት ነው የሚከብደው። ሁለቱም እምነት ያለበት ቡድን ከሆናችሁ ፈጢራ፣ ፉልና ጭማቂ ሁሉንም ያስማማሉ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ማግኘት አይቸግርም። በረመዳን ግን ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ስለሚዘጋ ዋናውን ምግብ ወደ ማታ ያዙሩት። ሳንቡሳውና ሙሸበኩ (በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ) ትኩስ የሚገኘው ማፍጠሪያ ሰዓት ሲቃረብ ነው።

የግመል ሥጋ የሚገኘው በሙስሊም ምግብ ቤቶች ነው። ስቡ ያለው ሻኛው ላይ ስለሆነ ሌላው አካሉ ደረቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥብሱን ሳይሆን ረጅም ሰዓት የተቀቀለውን ይዘዙ፣ ከሻኛውም ትንሽ እንዲጨመርበት ይንገሯቸው። ወተቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይበልጣል። የጭስ ሽታው የብልሽት አይደለም፤ እቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ነው። ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና የፈላውን ወይም በሻይ የተዘጋጀውን ይምረጡ። ያልለመደ ሆድ ቶሎ ስለሚፈታ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል።

ጭማቂ ሲያዙ «ውሃና በረዶ አይግባበት» ይበሉ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን ወይም በወቅቱ ከመጡ ጊሽጣ፤ ለመወሰን ከተቸገሩ ስፕሪስ ይዘዙ። ጊሽጣን በጣት ሲጫኑት ለስለስ የሚለውን ይግዙ፤ ድንጋይ የሆነው በዚያው ቀን አይበላም።

ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በሐረማያና በአወዳይ ያልፋል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀዝቀዝ ትላለች፣ ሆድም እዚያ ይከፈታል። በጀጎል (በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ ግድር መጋላ የተባለውን ገበያ በጠዋት ይጎብኙ። ሥጋ ከገዙ በፌስታል አስረው፣ ከተቻለ ዘንቢል ውስጥ ከተው ይያዙት። አሞራዎቹ በገበያው ላይ እያንዣበቡ ከእጅም ከራስም ላይ ይነጥቃሉ።

ሐረር ደርሰው መቅመስ ያለብዎት በአብሽ የሚሠራው ሁልበት መረቅ ነው። የሐረሪዎች የቤት ምግብ ስለሆነ በየምግብ ቤቱ ገብተው አያገኙትም። በጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ ባህላዊ ቤቶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ነግረው ያሠሩ። የአንድ ቀን ጊዜ የሚያስፈልገው በአብሹ ምክንያት ነው፦ የአብሹ ዱቄት ተዘፍዝፎ ውሃው መደፋት፣ ከዚያም ነጥቶና አረፋ አውጥቶ እስኪነፋ ድረስ መመታት አለበት። በችኮላ የተሠራ መራራ ይሆናል። በመጀመሪያው ጉርሻ ምላስ ከያዘዎት አብሹ አልተዘፈዘፈም ማለት ነው።

ወደ ቤቱ ሲገቡ ጫማዎን በር ላይ ያውልቁ። ውስጥ የሚያዩት ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ ነደባ ይባላል፤ እያንዳንዱ ቦታ ባለቤት ስላለው ከፍ ያለው ላይ ሄደው አይቀመጡ፣ እስኪያሳዩዎት ይቁሙ። በቀኝ እጅ ይብሉ።

ከቡናው በፊት ሆጃ ይጠይቁ። ከቡና ገለባ ወይም ከቅጠሉ የሚፈላ፣ ወተትና ጨው የሚገባበት መጠጥ ነው። ቤትዎ ሊሞክሩት ከፈለጉ 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ እፍኝ ንጹሕ ገለባ ጨምረው ለ20 ደቂቃ ያህል በዝግታ ያፍሉ፣ ያጥልሉ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተትና ቁንጥጫ ጨው ይጨምሩ። ወተቱን ከመጀመሪያው አብረው ካፈሉት ከሥር ይይዛል።

ሆድዎ ከተበጠበጠ ከፋርማሲ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ንጥረ ነገር) ይግዙ፤ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ውሃውን አሳንሶ ማወፈር ጥቅም የለውም፣ ይጎዳልም። ደም ከታየ ወይም ትኩሳት ካለ ጊዜ ሳያጠፉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ለቤት የሚወሰደውን በመጨረሻው ቀን ይግዙ። የባቢሌ ለውዝ ከነቅርፊቱ ይሻላል፤ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የመረረ ፍሬ ካለበት እየለቀሙ ይጣሉት፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ሐለዋ ዘይት ስለሚለቅ መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በፌስታል ይጠቅለል፤ ከልብስ ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት። ቡናውን ተቆልቶ ሳይፈጭ ይውሰዱ። የሐረር ቡና ከነፍሬው በፀሐይ የሚደርቅ በመሆኑ የፍራፍሬ መዓዛ አለው፤ ያ መዓዛ ከተፈጨ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ትኩስ ተቆልቶ የታሸገ ከሆነ ደግሞ ፌስታሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዉለት፤ ከተቆላ በኋላ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ይነፋል፣ ሻንጣ ውስጥም ሊፈነዳ ይችላል።