ሬበርንን ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ስለ ስኮትላንዳዊው የፖርትሬት (የሰው መልክ) ሠዓሊ ስለ ሄንሪ ሬበርን ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለው ጥቁር የለበሰው ቄስ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አንስቶ በዱዲንግስተን ሐይቅ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ሬበርንን በዚህ ብቻ መለካት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሥዕሉ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ቁመቱ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሸራ ነው፤ በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 «የፈረንሳዊው ሠዓሊ የዳንሉ ሥራ ነው» የሚል ክርክር ተነሥቶበታል።

የሚብሰው ስህተት ግን ተጠግቶ ማየት ነው። ሬበርን ንድፍ ሳያወጣ በቀጥታ በብሩሽ ነበር የሚጀምረው። ሸራውን ከሚሣለው ሰው አጠገብ ያቆምና ወደ ክፍሉ ጥግ ያፈገፍጋል፤ ትክ ብሎ ያያል። ከዚያ ወደ ሸራው ይመጣና ሰውየውን ዳግም ሳያይ ቀለሙን ያሳርፋል፤ ተመልሶም ያፈገፍጋል። እንዲህ ከሩቅ የታየ ፊት ከቅርብ ሲያዩት ሰፋፊ የብሩሽ ምት ብቻ ነው። ፎቶውን ስልካቸው ላይ በሁለት ጣት እየለጠጡ «አልጨረሰውም እኮ!» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ራቅ በሉ እላቸዋለሁ፤ አፍንጫው ያኔ አጥንት ያወጣል።

ብርሃኑንም አትለፉት። በ1791 የሣላቸውን ሰር ጆን ክለርክንና ባለቤቱን እዩ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስለሆነች ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው፤ ግን አይጨልምም፤ የሴትዮዋ ነጭ ቀሚስ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። በኋላ ኤድንብራ ውስጥ ዮርክ ፕሌስ በተባለው መንገድ በሠራው ስቱዲዮ የመስኮቱን መዝጊያዎች እየከፈተና እየዘጋ ብርሃን ይመጥን ነበር።

«ሳይማር የሣለ» የሚሉትም አሉ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሙያ መልመዱ እውነት ነው፤ ጥቃቅን ፖርትሬት የጀመረውም እዚያ ነው። ሮምን ግን መርሳት የለብንም፤ ከ1784 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ጣሊያን ቆይቷል።

የመጨረሻው፣ ለንደን አለመግባቱን እንደ ሽንፈት መቁጠር ነው። ከእሱ በፊት ስኮትላንዳዊው ሠዓሊ አለን ራምሴ ለንደን ገብቶ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሠዓሊ ሆኗል። ሬበርንም በ1808 ከከሰረ በኋላ፣ በ1810 ለመሄድ አስቦ ነበር፤ ተወው። በ1815 የለንደኑ የሠዓሊዎች ማኅበር፣ ሮያል አካዳሚ፣ ሙሉ አባል አደረገው፤ በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ራሱ ስኮትላንድ መጥቶ «ሰር» አለው። እሱ ኤድንብራ ተቀምጦ ደራሲውን ዋልተር ስኮትንም፣ ቫዮሊን ተጫዋቹን ኒል ጋውንም ይሥል ነበር።