«ፑር» ሁሌ ድሃ አይደለችም

እንግሊዝኛ የምትማሩ፣ «ፑር» የምትለዋን ቃል ባያችሁ ቁጥር «ድሃ» ብላችሁ አትለፏት። እኔ አንዴ ስለ አንድ ሰውዬ «ኢን ፑር ኸልዝ» የሚል አንብቤ ገንዘብ ያጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጤናው ነው የታወከው!

ዘዴው ቀላል ነው። አጠገቧ ያለውን ቃል እዩ። «ፑር ኳሊቲ» ከሆነ ጥራቱ የወረደ ነው። «ፑር አት ማዝ» የተባለው ልጅ ሒሳብ ላይ ደካማ ነው እንጂ ኪሱን ማንም አልነካውም። «ፑር ኢን አይረን» የሚባል ምግብ ደግሞ የብረት ንጥረ ነገር ያነሰው ነው።

ጉደኛዋ «ፑር ቲንግ» ናት። «ድሃ ነገር» ብሎ የተረጎማት ሰው አይቻለሁ፣ ስድብ አስመስሏት ቁጭ! የአዘኔታ ቃል ናት፤ «ምስኪን» ወይም እኛ ከንፈር መጠጥ አድርገን «እኔን!» እንደምንለው። ሚሊየነርም እግሩ ቢሰበር ይባልለታል።

በነገራችን ላይ «ዘ ፑር» ሲባል ድሆች በጅምላ ማለት ነው። ስለዚህ «ኤስ» አትጨምሩባት፣ ቀጥሎ የሚመጣውም «ኢዝ» ሳይሆን «አር» ነው።