የአያትን የሕይወት ታሪክ ለልጅ ልጆች በዲጂታል መጽሐፍ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

በአገራችን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ባለታሪኩ ካረፉ በኋላ፣ በቀብር ዕለት ለሚነበብ አንድ ገጽ ነው። በጥድፊያ የተዘጋጀው ያ ገጽ የትውልድ ቦታን፣ የትዳር ዘመንንና የልጆችን ቁጥር ይዘረዝራል እንጂ ሟቹ በልጅነታቸው ውኃ ከየትኛው ምንጭ ይቀዱ እንደነበር፣ ከትውልድ ቀያቸው ሲወጡም ምን ስንቅ ይዘው እንደነበር አይናገርም። ይህን ሊናገሩ የሚችሉት ባለታሪኩ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ሥራው መጀመር ያለበት ተቀምጠው ሊያወጉን በሚችሉበት ጊዜ ነው። የሚያስፈልገውም አንድ ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ነው።

በቅድሚያ ፈቃዳቸውን ይጠይቁ። ድምፃቸው እንደሚቀረጽ፣ ጽሑፉንም እነማን እንደሚያነቡት በግልጽ ያስረዷቸው። ብዙ አረጋውያን «የእኔ ታሪክ ምኑ ይጻፋል?» ይላሉ፤ ይህን እንደ እምቢታ አይቁጠሩት። የልጅ ልጃቸው ሊያውቀው የፈለገውን አንድ የተወሰነ ነገር ቢነግሯቸው ጨዋታው በዚያው ይጀመራል።

ቀረጻው በለመዱት ቦታ፣ በቤታቸው ቢሆን ይመረጣል። ቡና ጨዋታ ያመጣል፤ ነገር ግን የሙቀጫው ድምፅና የስኒው መንኳኳት ንግግርን ስለሚሸፍን፣ መቅጃውን አቦሉ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ መክፈት ይሻላል። ስልኩን ከእርሳቸው ሁለት ስንዝር ያህል አርቀው በታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ጠረጴዛው ሲነካ የሚፈጠረውን ድምፅ ጨርቁ ያፍነዋል። ከዚያ በፊት ግን ስልኩን ጥሪ እንዳይቀበል አድርገው ወደ በረራ ሁነታ ይለውጡት። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ አያቴ ስለ ሠርጋቸው ዕለት ሲነግሩኝ ስልክ ተደወለና ቀረጻው ተቋረጠ፤ ሳላስተውለውም ሃያ ደቂቃ ያህል ጨዋታ አመለጠኝ። በሌላ ቀን ታሪኩን ደግመው ነገሩኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ያዜሙትን የሙሽራ ዘፈን ግን ደግመው አላዜሙትም። አንድ ቀረጻ ከ45 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ሲደክማቸው የሚሰጡት መልስ ያጥራል።

«ሕይወትዎን ይንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል እንጂ አያናግርም። አያቴን ስለ ልጅነታቸው ስጠይቃቸው «ምን ልጅነት አለ፤ እንደው አደግን» ብለው ዝም አሉ። ስለ እንስራው ስጠይቃቸው ግን ነጠላቸውን አጥፈው ወደ ጀርባቸው ወሰዱና ገመዱ ትከሻቸው ላይ የት ጋ ያርፍ እንደነበር አሳዩኝ፤ ከዚያ ተነሥተው ወንዙን፣ በመንገድ ላይ የሚያስፈራቸውን ውሻ፣ እንስራው የተሰበረበትን ቀንና እናታቸው ያሏቸውን ሁሉ ተረኩልኝ። ስለዚህ የሚዳሰስና የሚታይ ነገር ይጠይቁ፦ ያደጉበት ቤት በሩ ወደየት ይዞር ነበር? ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉት መቼ ነው? ዝም ሲሉም በሌላ ጥያቄ አይቅደሟቸው፤ እያስታወሱ ሊሆን ይችላል። የእጃቸውን እንቅስቃሴ መቅጃው ስለማይዘው በደብተር ያስፍሩት።

ዓመተ ምሕረት ማግኘት የራሱ ዘዴ አለው። አረጋውያን ዘመንን የሚያስታውሱት በቁጥር ሳይሆን በክስተት ስለሆነ፣ «መቼ ነበር?» ከማለት ይልቅ «ከጣሊያን መውጣት በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ጣሊያን የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933 ነው፤ የታኅሣሡ ግርግር በ1953፣ አብዮቱ በ1966፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967፣ የደርግ መውደቅ በ1983 ነው። «በታኅሣሡ ግርግር የበኩር ልጄን አርግዤ ነበር» ያሉ እናት የልጁን የልደት ዓመት 1953 መሆኑን ነገሩን ማለት ነው። መጽሐፉ በውጭ አገር ለሚኖሩ ልጆችም የሚደርስ ከሆነ የኢትዮጵያንና የፈረንጆችን ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው ስምንት ዓመት ይጨመራል።

ቀረጻውን ወደ ጽሑፍ ሲለውጡ የስልክ ኪቦርድ የድምፅ መጻፊያ የመጀመሪያውን ረቂቅ ያቀልልዎታል፤ የጉግል ኪቦርድ የሆነው ጂቦርድ አማርኛን ይቀበላል። ሆኖም የሰውና የቦታ ስሞችን ስለሚያሳስት እያንዳንዱን መስመር ከድምፁ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ልጠነቀቅለት የምፈልገው ግን የአነጋገራቸው ነገር ነው። የጎጃሙን፣ የወሎውን ወይም የመንዙን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ መለወጥ የባለታሪኩን ድምፅ ማጥፋት ነው። ድግግሞሹን ያሳጥሩ፣ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ፤ ቃላቸውን ግን በቃልዎ አይተኩ። ረቂቁን መልሰው ያንብቡላቸው፤ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስቀይም የርስት ክርክር ወይም የትዳር ጠብ ካለበት ይቅር ወይ ይቆይ የሚሉት እርሳቸው ናቸው።

ፊደሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው የጋራ የፊደል ኮድ፣ መጻፉን ያረጋግጡ። በቀድሞዎቹ የግዕዝ መጻፊያዎች የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆን ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነጻ የሚገኙ ጥሩ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) ናቸው።

አሮጌ ፎቶግራፎችን በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ያንሡ፤ ቀንና ስም አብዛኛውን ጊዜ ያለው በጀርባው ስለሆነ ጀርባውንም አይርሱ። በቴሌግራም ሲልኳቸው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ጥራታቸው ይቀንሳል።

ምዕራፎቹን አጫጭር አድርገው በጉግል ዶክስ ላይ ያደራጁ፤ ለምዕራፍ ርእሶች የርእስ ስታይል ከተጠቀሙ ማውጫው በራሱ ይወጣል። ከዚያው በኢፐብ (በዲጂታል መጽሐፍ ፋይል) እና በፒዲኤፍ ማውረድ ይቻላል። ኢፐብ በስልክ ሲነበብ ፊደሉን ማተለቅ ያስችላል፤ ፒዲኤፍ ለማተም ያመቻል። ቀረጻዎቹን በጋራ ማኅደር አስቀምጠው በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ማያያዣውን (ሊንኩን) ቢያስገቡ፣ አንባቢው የአያቱን ድምፅ እያነበበ ይሰማል።

አማርኛ ለማያነቡ የልጅ ልጆች ትርጉም ያስፈልጋል። በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦች፣ በተለይ በ1977 በሱዳን በኩል በእግር ስለተጓዙት ወይም በግንቦት 1983 በአውሮፕላን ስለተወሰዱት አያቶቻቸው የሚያዘጋጁ፣ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ከማድረግ ለየብቻ ፋይል ቢያዘጋጁ ይቀላቸዋል። እንስራ፣ ጋቢ፣ መሶብ የመሳሰሉት ቃላት ሳይተረጎሙ ይቀመጡና በሥዕል ይገለጡ።

ሥራው ሲያልቅ በኮምፒውተር፣ በውጭ ማከማቻና በኢንተርኔት ላይ ቅጂ ያስቀምጡ፤ የተዘጋጀበትንም ቀን በመጀመሪያው ገጽ ይጻፉ። አንድ ቅጂ አሳትመው ለባለታሪኩ ይስጡና የልጅ ልጃቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። በንባቡ መካከል «እንዲያ አይደለም» ብለው ማረማቸው አይቀርምና መቅጃዎን ያን ጊዜም ይክፈቱት።