ሌሊት ያልኩት ጥገና ጠዋት መጣ

«ዳታቤዙን ክላውድ (በኢንተርኔት የምንከራየው ሰርቨር) ላይ አድርገነዋል፣ እነሱ ይጠብቁታል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም እላለሁ። እኔም እንዲያ ብዬ ተኝቼ ነበራ። እንደ አማዞን አርዲኤስ ያለው የኪራይ ዳታቤዝ አገልግሎት ማሽኑን ይጠብቃል፣ የተበላሸ ዲስክ ይቀይራል፣ ፓች (የሶፍትዌር ማስተካከያ) ይጭናል። መቼ እንደሚጭን፣ ማን እንደሚገባ፣ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ስንት ቀን እንደሚቆይ የምትነግሩት ግን እናንተ ናችሁ። እዚያ ላይ የምንሳሳታቸውን እነሆ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ይሄ ስህተት የኔ ነው። ቡሬ ላለ አንድ የእህል መጋዘን ሲስተም ስሠራ አርዲኤስ የጥገና ሰዓት ምረጥ አለኝ፣ 06:00 ብዬ ሞላሁ። ሌሊት 6 ሰዓት፣ ማን ነቅቶ ይሠራል ብዬ! እሱ የሚያነበው ግን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፤ እኛ 3 ሰዓት ስለምንቀድም 06:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ። ያውም በገበያ ቀን። በቆሎ የጫኑ አይሱዙዎች በር ላይ ተሰልፈው፣ ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ ደወለችልኝ። «አያ፣ ደረሰኙ እምቢ አለኝ።» ዳታቤዙ ፓች ጭኖ ገና እየተነሳ ነበር። በደብተር እየጻፉ ቆዩ፣ ማታ ተቀምጠን ገለበጥነው፣ የአንድ ገበሬ 12 ኩንታል ሁለቴ ገብቶ እሱን ስንፈልግ አመሸን። ሌሊት 6 ሰዓት ከፈለጋችሁ የሚሞላው 21:00 ነው። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ከሆነ ቀኑን ቅዳሜ በሉት።

ባክአፕ አለ ብሎ መልሶ አለመሞከር

አርዲኤስ አውቶማቲክ ባክአፕ ቢበዛ 35 ቀን ነው የሚይዘው። የዓመት ሒሳብ የሚያስፈልገው ሰው ለብቻው ማስቀመጥ አለበት። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ወደ ትናንት ስትመልሱት አሮጌው ላይ አይጽፍም፣ አዲስ ዳታቤዝ በአዲስ አድራሻ ይከፍታል። ስለዚህ ሲስተማችሁ አሮጌውን አድራሻ ይዞ «ምንም አልተመለሰም» ትላላችሁ። ሳይቸግራችሁ አንድ ቀን ሞክሩት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም እዩ። ዳታቤዙን ስታጠፉት ደግሞ፣ ይቆይ ካላላችሁ አውቶማቲክ ባክአፑም አብሮ ይሄዳል።

በሩን ለዓለም መክፈት

እዚህ ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል። በስልክ ኢንተርኔት ስንሠራ አይፒው (የኢንተርኔት አድራሻችን) በየጊዜው ይቀያየራል፣ ሰው ይሰለቸውና 0.0.0.0/0 (ከየትም አድራሻ ይግባ) ብሎ 5432ን፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ መግቢያ በር ቁጥርን፣ ይከፍተዋል። ይሄ ማለት ዓለም በሙሉ በሩን ማንኳኳት ይችላል ማለት ነው፣ የሚያንኳኳ ሮቦት ደግሞ ሞልቷል። ዳታቤዙን የግል ኔትወርክ ውስጥ አድርጉና በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ግቡ። ያደክማል፣ አውቃለሁ።

ሲስተሙን ባሕር ዳር፣ ዳታቤዙን ኬፕታውን

አማዞን ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬፕታውን ውስጥ ማዕከል አለው፣ ቀረበልን ማለት ነው። ግን አንድ ገጽ ለመክፈት 40 ጊዜ የሚጠይቅ ፕሮግራም ቢሮ ካለ ኮምፒውተር ላይ ካስቀመጣችሁ፣ ጥያቄው 40 ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ይመለሳል። ሁለቱን አንድ ቦታ አድርጓቸው።

አቁሜዋለሁ፣ አይቆጥርም ማለት

ሒሳቡ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያው ሰርቨር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ታዲያ ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ዳታቤዙን «አቁም» ብሎ የሚረሳ አለ። አርዲኤስ ላይ ማቆም ለ7 ቀን ብቻ ነው፣ በ7ኛው ቀን ራሱ ተነስቶ መቁጠር ይጀምራል፤ በቆመበት ጊዜም የዲስኩ ኪራይ አይቆምም። ዲስኩን ደግሞ መጨመር ቀላል ነው፣ በቀጥታ መቀነስ ግን የለም፣ «ለማንኛውም» ብላችሁ ትልቅ አትያዙ። ለወራት የማትፈልጉት ከሆነ ስናፕሾት (የዚያን ሰዓት ሙሉ ቅጂ) አንሱና አጥፉት፣ መስከረም ላይ ከስናፕሾቱ ትከፍቱታላችሁ። አድራሻውን ብቻ ማስተካከል አትርሱ።