በሲዳር ረን ወጥቶ በዋይት ኦክ መውረድ፦ የአንድ ቀን የጫካ ዙር እንዴት ይሄዳሉ?

ዲሲ አካባቢ ያለን ሐበሾች እዚህ ያለውን ተራራ ትንሽ እንንቀዋለን። አይፈረድብንም። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ትልቁ ጫፍ ሆክስቢል 1,234 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ «ይሄም ተራራ ሆኖ ነው?» ብሎ ነጭ ስኒከሩን አድርጎ የሚመጣ አይጠፋም። አንዱ እኔ ነበርኩ። ትንፋሽ አላጠረኝም። ጉልበቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ያቃስት ነበር። ዙሩን በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር የያዝኩት፤ ቀላሉን ወጥቼ ከባዱን ወረድኩ።

መንገዱ በዚሁ ፓርክ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ከዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሲሪያ የምትባለውን ትንሽ መንደር አለፍ ብሎ፣ ከተራራው ግርጌ ይጀምራል። በአንዱ ጅረት ሸለቆ፣ በሲዳር ረን ትወጣላችሁ፣ በሌላው፣ በዋይት ኦክ ትወርዳላችሁ። በጠቅላላው 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ሲደመር ወደ 750 ሜትር ይጠጋል።

ከመነሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ። ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚህ ሂሳብ ዙሩ አራት ሰዓት የማይሞላ ይመስላል። ናይስሚዝ ግን ፎቶ የሚያነሱ ጓደኞች አልነበሩትም መሰለኝ። ድንጋዩ፣ ምሳው፣ ፏፏቴው ሲጨመር ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ያዙ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እግራችሁ መንገድ ላይ ይሁን። «በአንድ ሰዓት እንገናኝ» ስትባባሉም በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ቁርጡን ተነጋገሩ። በዚህች ብቻ የተበላሸ ቅዳሜ አውቃለሁ።

የመግቢያውን ክፍያ ቤት እያላችሁ ኦንላይን ጨርሱ፣ ካርታውንም ስልካችሁ ላይ አውርዱ። እዚያ ስትደርሱ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ቅጠል በሚቀላበት በጥቅምት ወር ቅዳሜና እሁድ ፓርኪንጉ በጠዋት ነው የሚሞላው።

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፣ በሙቀት ወራት ሦስት። የጅረቱ ውኃ ቢያምርም ሳይጣራ አይጠጣም። ለስንቅ ከሱቅ ከሚገዛው ጣፋጭ ይልቅ የኛው ይሻላል፦ ዳቦ ቆሎ፣ ጨው ነካ ያለ ቆሎ፣ በሶ። የበሶውን ዱቄት በጠርሙስ ደረቁን ያዙትና ላይ ስትደርሱ ውኃ ጨምራችሁ ምቱት። ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ግን ይህን ዳገት ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በነሐሴ ሙቀት ያለ ውኃ አይሞከርም። ጥቁር ድብ ያለበት ጫካ ስለሆነ የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን ጥላችሁ አትምጡ።

ጫማው ሶሉ ድንጋይ የሚይዝ ይሁን። አዲስ ከሆነ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ልበሱት። ከጥጥ ካልሲ የሱፍ ይሻላል። ማታውን ደግሞ የእግራችሁን ጥፍር ቁረጡ። ቀልዴን አይደለም። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጥፍሩ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ይውላል። የኔ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ከወር በኋላ ወለቀ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ የስልክ መብራት አንድ እጅ ይይዝባችኋል።

ሽቅብ

ከፓርኪንጉ ጥቂት እንደሄዳችሁ መንገዱ ይከፈላል። መገንጠያው ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ታያላችሁ። ወገቡ ላይ ብረት ታስሮበታል፤ ብረቱ ላይ የመንገዱ ስምና ርቀቱ በማይል ተቀርጿል። ብዙ ሰው ፏፏቴ ስለቸኮለ ወደ ቀኝ፣ ወደ ዋይት ኦክ ይታጠፋል። እናንተ ግራውን፣ ሲዳር ረንን ያዙ። ዳገቱ እዚያ ነው የሚብሰው፤ ድንጋዩም እዚያ ነው የሚበዛው። እንዲህ ያለውን ቦታ በትኩስ ጉልበት መውጣት ይሻላል። ሲወጡት ያደክማል፣ ሲወርዱት ግን ይጥላል። ዛፎቹ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም ተከተሉ።

ከመካከላችሁ የከበደው ካለ ገና ከታች ሳላችሁ ወስኑ። ሲዳር ረንን ከዋይት ኦክ የሚያገናኝ አቋራጭ አለ። በዚያ ተሻግሮ የታችኛውን ፏፏቴ አይቶ መመለስ ነውር የለውም።

እርምጃችሁን አሳጥሩ። ወሬ እየቀጠለ ከሆነ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ሁሉም ዝም ካለ ፈጥናችኋል። እረፍት ቁማችሁ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ተቀምጦ የቀዘቀዘ ጉልበት ዳግመኛ እሺ አይልም።

ጅረቱን የምትሻገሩበት ቦታ ላይ አትቸኩሉ። ድንጋዩን በዓይን ለዩ። የደረቀውና ነጣ ያለው እግር ይይዛል፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሳሙና በሉት። ዘሎ ከመሻገር ጫማን ማርጠብ ይሻላል። በምርኩዝ መጀመሪያ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ እግራችሁን ሙሉውን አሳርፉ። የቦርሳውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱት፣ ብትወድቁ ቶሎ እንዲወልቅ። ዝናብ ዘንቦ ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነና ከጮኸ ተመለሱ።

ላይኛውና ቁልቁለቱ

ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የመኪና መንገድ ጋር ልትደርሱ ስትሉ ቢጫ ቀለም የተቀባ የፈረስ መንገድ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እሱ ነው ከዋይት ኦክ የሚያገናኛችሁ። ለጥ ያለ ስለሆነ እግር ያፍታታል። በሶው እዚህ ይምጣ።

መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት የጫማችሁን ክር ፍቱ። ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ ስድስት ፏፏቴዎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ትልቁ የላይኛው ነው፣ 26 ሜትር ይወርዳል። ትይዩ ካለው አለት ላይ ሆናችሁ እዩት እንጂ ውኃው ወደሚወድቅበት ጠርዝ አትጠጉ። በየቦታው የተጋደሙት ግንዶች መካከል ሄምሎክ የሚባለው ዛፍ አለ፤ ከእስያ የመጣ ትንሽ ነፍሳት ነው ይህን ጫካ ከሄምሎክ ያራቆተው። ስትወርዱ ጉልበታችሁን በትንሹ አጠፍ አድርጋችሁ፣ ምርኩዙን ከፊት እያስቀደማችሁ ሂዱ።

ቤት ስትገቡ ሻወር ከመውሰዳችሁ በፊት መዥገር ፈልጉ። የካልሲ ጠርዝ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ ላይ እዩ። የዚህ አገር መዥገር «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ለማስተላለፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ስለዚህ ያን ማታ ከተገኘ ብዙ አያሳስብም። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ልጆች አብረው ከነበሩ ከጆሮአቸው ጀርባና ፀጉራቸው ሥር ሳታዩ አታስተኟቸው።