ቤት ያልደፋ ዜማ፦ የሊዲንግ ቶን ጣጣና መፍትሄው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ኪቦርድ የሚለማመዱ ልጆች አንድ ጥያቄ አላቸው። "አቦ፣ ሊዲንግ ቶን ቲ ነው አይደል?" ነውም፣ አይደለምም። ሊዲንግ ቶን ማለት ዜማው ከሚያርፍበት ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ ብላ ወደሱ የምትመራ ድምፅ ናት፤ ግማሽ ቶን ደግሞ ጥቁሩንም ነጩንም ቆጥሮ የአንዲት ቁልፍ ርቀት ነው። ከታች ያሉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚወለዱት ከዚህችው ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። አንዱ "ሲ" ሲል በእንግሊዝኛው ፊደል ዶን ማለቱ ነው። ሌላው "ሲ" ሲል ዶ ሬ ሚ ብሎ ቆጥሮ ሰባተኛውን ማለቱ ነው። ሁለቱ አንድ ልምምድ ላይ ሲገናኙ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ቲ እያልኩ ነው የምሄደው። ዶ ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለችው ነጭ ቁልፍ ናት፤ ዘፈኑ ቢቀየርም እሷ አትቀየርም።

ዜማው አልቆም ይላል

ጨርሰህ እጅህን አንስተሃል። አድማጩ ግን ገና እየጠበቀ ነው። ቤት ያልደፋ ግጥም እንደሰማ ሰው ያይሃል።

ምክንያቱ ቲ ላይ፣ ወይም ቲ ያለባት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይ መቆምህ ነው። በዶ ሜጀር፣ ማለትም ከዶ እስከ ዶ ነጮቹን ብቻ ስትሄድ፣ ዜማው የሚያርፍበት ቤቱ ዶ ነው፤ ቶኒክ የሚባለው እሱ ነው። ቲ ከቤቱ በግማሽ ቶን ዝቅ ብላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጆሯችን ደጅ የቆመ ሰው ግባ ሳይባል አይወድም።

ከቲ ወደ ዶ ውጣ። በኮርድ ከሆነ ሶል ቲ ሬን ይዘህ ዶ ሚ ሶል ላይ እረፍ። ሆን ብለህ ሰው ልታንጠለጥል ከሆነ ግን ተወው፣ እሱም ሙያ ነው።

ዘፋኙ "ከፍ አድርገው" ሲል ሁሉም ይዛባል

ሬ ሜጀር ላይ ወጥተህ ሰባተኛዋን ነጯን ዶ ትመታለህ። የሸመደድከው ቁልፍ እንጂ ርቀት አይደለም። ሊዲንግ ቶን የቁልፍ ስም ሳይሆን የዝምድና ስም ነው። "አጎት" እንደማለት፤ የማን አጎት እንደሆነ ካልታወቀ ትርጉም የለውም።

ቤቱን ያዝ፣ ጥቁርም ነጭም ብትሆን ወደ ግራ አንዲት ቁልፍ ውረድ። ለሬ ዶ ሻርፕ (ከዶ በስተቀኝ ያለችው ጥቁር) ናት፣ ለሶል ፋ ሻርፕ፣ ለፋ ደግሞ ሚ።

የትራንስፖዝ በተን (ጣትህ ሳይዛወር ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) የሚጠቀም ሰው ሌላ ወጥመድ አለበት። እዚያው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ ትራንስፖዙን ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ አድርጌ ጊታሪስቱን "ዶ ሜጀር ነኝ" አልኩት። ጣቴ ዶ ላይ ነው፣ ስፒከሩ የሚያወጣው ሬ ነው። ሙሽሮቹ የገቡት በዚያ ጩኸት ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ለጓደኛህ የሚነገረው የሚሰማው ድምፅ ነው።

ማይነር ላይ ኮርዱ ልፍስፍስ ይላል

ላ ማይነር ላይ፣ ማለትም ከላ እስከ ላ ነጮቹን ስትሄድ፣ ሰባተኛዋ ሶል ናት። ከላ የምትርቀው ሙሉ ቶን ነው። ስለዚህ ሰባተኛ ብትሆንም ሊዲንግ ቶን አትባልም፤ ስሟ ሰብቶኒክ ነው። ሚ ሶል ቲ ብለህ ስትመታ ወደ ላ የሚስብ ጉልበት የሚያጣው ለዚህ ነው። ሶልን ሻርፕ አድርጋት፦ ሚ፣ ሶል ሻርፕ፣ ቲ። ወዲያው ይሰማሃል። ዘፋኙ ራሱ ነጯን ሶል እየያዘ ከሆነ ግን ከሥሩ ሻርፕ አታድርግ፣ ይጋጫል።

ትዝታው ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል

ይሄ የሚያናድደኝ ነው፤ በየሰርጉ እሰማዋለሁ። ዘፋኙ ትዝታን አንጀት በሚበላ ድምፅ ይዞታል፣ ኪቦርዱ ከሥር ሌላ አገር ሄዷል።

ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ ነው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ፋ የለም፣ ቲም የለችም። ሊዲንግ ቶን የሌለው ቅኝት ነው። በግራ እጅህ ሶልን ስትነካ የኪቦርዱ ስታይል (ራሱ የሚያጅብልህ) ሶል ቲ ሬን ሙሉውን ይደረድርልሃል፤ ያልተጋበዘችው ቲ በዚያ ትገባለች። በትዝታ የተቃኘ ክራር ላይ እኮ ለቲ የሚሆን ክር የለም!

ስታይሉ ኮርድ እንዳይጨምር አድርግና በግራህ ሶልና ሬን ብቻ ያዝ። ወይም ከላ ዶ ሚ ወደ ዶ ሚ ሶል ተመለስ። ዜማውም በሬ ወይም በላ በኩል ቤቱ ይገባል፣ ቲ አያስፈልገውም።

ሁሉም ቅኝት ግን አንድ አይደለም። ባቲ ሜጀር ዶ ሚ ፋ ሶል ቲ ነው፤ ቲ የቤት ልጅ ናት፣ እንደልብህ ተጫወትባት። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በስተግራ ያለችው ጥቁር)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እዚህ ግማሽ ቶኗ ያለችው ከዶ በላይ ነው። ስበቱ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከሬ ፍላት ወደ ዶ ውረድ። አምባሰልን በቲ ለመዝጋት የሚታገል ሰው በሩን በተሳሳተ በኩል እየገፋ ነው።

ኳየር ላይ ቲ ብቻዋን ትጮኻለች

ሶል ቲ ሬ ኮርድ ላይ ከዘማሪዎቹ ድምፆች ሁለቱ ቲን ይዘዋል ማለት ነው። አንዱ ይያዛት፣ ሌላው ሬን ወይም ሶልን ይውሰድ።