ባሕር ዳር–አዲስ ቅዳም ደርሶ መልስ፦ ረጅም የብስክሌት ጉዞን የሚያበላሹ ስህተቶች

በማኅበር ተደራጅቶ ረጅም መንገድ በብስክሌት መሄድ በብዙ አገር የራሱ ሕግ ያለው ልማድ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለበትም፤ ያለው ርቀትና የሰዓት ገደብ ብቻ ነው። ፈረንሳዮቹ ብሬቬ ይሉታል። 200 ኪሎ ሜትሩ በ13 ሰዓት ተኩል፣ 300ው በ20፣ 400ው በ27፣ 600ው በ40 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ተሳታፊው ካርድ ይዞ በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ማኅተም ያስመታል፤ ገደቡ ሳያልፍ ከተመለሰ ተሳካለት። በ9 ሰዓት የጨረሰውም በ13 ሰዓት የጨረሰውም እኩል ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ጉዞ አውራ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1891 ውድድር ሆኖ ተጀመረ፤ ዛሬ ግን በየአራት ዓመቱ ተራ ሰዎች 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በ90 ሰዓት ለመጨረስ የሚወጡበት መንገድ ሆኗል።

ያንኑ ልክ ጎጃም ላይ እናስቀምጠው። ከባሕር ዳር ተነስቶ በመርዓዊ፣ በወተት ዓባይ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አድርጎ አዲስ ቅዳም ደርሶ መመለስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለምሳሌ የምይዘው ይህን መንገድ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከፍኖተ ሰላም የሚነሳም ከዚህ ብዙ የተለየ ነገር አይገጥመውም። ከእንዲህ ያለው ጉዞ መንገድ ላይ የሚቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ደክሞ አይደለም። ሆዱ፣ መቀመጫው ወይም ሰዓቱ ከድቶት ነው።

ከፊተኛው ጋር ተያይዞ መውጣት

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛ፣ እግሩ ያልደከመ፣ መንገዱ ለዓይን ሜዳ ነው። ጠንካሮቹ ይፈተለካሉ፤ የቀረውም ላለመቅረት ሲል ይከተላቸዋል። ዓይን ግን ያታልላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳንግላ 2,100ን አልፋለች፤ ከአዲስ ቅዳም ቀጥላ ያለችው እንጅባራ ደግሞ 2,500ን ትሻገራለች። ይህ ከፍታ የሚመጣው በአንድ ትልቅ ዳገት አይደለም። እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ ሳያስታውቅ ጉልበት እየበላ ነው የሚመጣው።

ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ሁለት ሰዓት ገደማ ቢያቆየው ነው። እስከ ወተት ዓባይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የበረረ ሰው ዱርቤቴ ላይ ወሬ ያቆማል፣ ዳንግላ ላይ ይቀመጣል። ልኩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየነዳችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆርጡ መነጋገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ፊተኞቹ ይሂዱ። ሲመለሱ መርዓዊ ላይ ጥላ ሥር ተጋድመው ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

ሒሳቡን ከመነሳታችሁ በፊት ሥሩት። 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል ማለት እረፍቱን ጨምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ አጋማሹን፣ ማለትም አዲስ ቅዳምን፣ እስከ 6 ሰዓት ከ40 መርገጥ አለባችሁ፤ ገደቡ የሚያበቃው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መመለሻው በጥቅሉ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ ወደ ላይ የወጣ ሰው ያጣውን ደቂቃ ከሰዓት በኋላ ያገኘዋል። ጉልበቱን ወደ ላይ ሲወጣ የጨረሰ ሰው ግን ቁልቁለቱም ዳገት ይሆንበታል።

መቆሚያውን አለመቁጠር

ሰዓት የሚጠፋው ቀስ ብሎ በመንዳት ሳይሆን በመቆም ነው። አምስት ቦታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ሄዶበታል፤ በቀሩት 11 ሰዓታት በአማካይ ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ይጠበቅበታል። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ብቻ የቆመው ግን በ16 ይበቃዋል። በ16 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ሰዓት ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ጉልበት ይፈታል።

በእኛ አገር ደግሞ መቆም በቀላሉ አያልቅም። ዳንግላ ገብታችሁ ጥብስ ካዘዛችሁ፣ ከዚያም «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ከተባላችሁ፣ አቦሉ ሳይወርድ ሰዓቱ አለቀ። አንድ ረዘም ያለ እረፍት አጋማሹ ላይ ውሰዱ፤ ሌላው ቦታ ውኃ ሞልቶ፣ የሚበላ ገዝቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ መነሳት ነው። ማኅተሙን ደግሞ ከሻዩ አስቀድሙት። ሻይ ጠጥቶ፣ ተሰናብቶ፣ ማኅተሙን ረስቶ የሚሄድ ሰው አይጠፋም፤ ካርዱ ላይ ማኅተም የሌለበት ጣቢያ ደግሞ ያልተደረሰበት ጣቢያ ነው።

ሲርብ መብላት

ረሃቡ ሲመጣ ጊዜው አልፏል። በረጅም ጉዞ ሰውነት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ 30 ግራም ያህል ስኳር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ፣ ሳይርባችሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ጄል፣ ማለትም በትንሽ ከረጢት የታሸገ የስኳር ዝልግልግ፣ መፈለግ አያስፈልግም። በሶ የገበሬና የዘማች ስንቅ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ በአንዱ ሃይላንድ ውስጥ ብትይዙ ምግብም መጠጥም ነው። ማታ በጥብጣችሁ አታሳድሩት እንጂ፤ በሙቀት ይቦካል። ቴምር፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ደረቅ ዳቦ ሁሉም ይሠራሉ። ቆሎ ለእረፍት ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን አፍ ያደርቃል፣ ትን ይላል። ቅባት የበዛበት ጥብስ ከሆድ ቶሎ ስለማይወርድ ለማታ ይቆይ።

ውኃ ብቻ መጋትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ውኃ ያለ ልክ የሚጠጣ ሰው የደሙ ጨው ሊቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መደናገር ሊደርስበት ይችላል። ከፋርማሲ የሚገዛ የኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ፓኬት ኪስ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

ስለ ጾም ግልጽ ልሁን። ለመንገድ ያዙ ካልኩት ምግብ ጾም የሚያስፈታ የለም፤ የሚከለክለው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ 200 ኪሎ ሜትር መንዳት መንፈሳዊነትም ስፖርትም አይመስለኝም። አዘጋጆች ቀኑን ዐቢይ ጾም ላይ ባይጥሉት፣ ረቡዕና ዓርብንም ቢያስወግዱ ጥሩ ነው፤ ከጣሉት ደግሞ የሚጾመው ሰው ሌላ ጊዜ ይጠብቅ። ጠላውም እንዲሁ ነው። በመንገድ ዳር «ኑ ቅመሱ» የሚሏችሁን እናት «እግዜር ይስጥልን እማማ፣ በሌላ ቀን» ብሎ ማለፍ ነውር አይደለም። ዝም ብሎ ማለፍ ነው ነውሩ።

ሜዳ ላይ ብቻ መለማመድ

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሠራተኛው ይነዳል። ግን ሜዳ ናት። ጣና ዳር ለዳር በየማታው የሚነዳ ሰው ለረጅም መንገድ የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ ዳገት ላይ ለሰላሳና ለአርባ ደቂቃ ሳያቋርጥ ኃይል አውጥቶ ግን አያውቅም። በዛዊት ኮረብታ አለ አይደል? እሱን በተከታታይ ደጋግሞ መውጣት ከብዙ የሜዳ ዙር ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ከቀኑ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዳንግላ ደርሶ መመለስ ነው፤ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያን የቻለ ሰው 200ውን ይችላል። የመጨረሻው ሳምንት የእረፍት ነው፤ ያልተለማመዱትን በአምስት ቀን ማካካስ አይቻልም።

ጎሚስታ አለ ብሎ ባዶ እጅ መውጣት

በየከተማው ጎሚስታ መኖሩ እውነት ነው፤ የጎሚስታው መንፊያ ግን ለአይሱዙና ለባጃጅ ጎማ ነው የተሠራው። የመንገድ ብስክሌት ቀጭን ቫልቭ ካለው አይገጥምለትም፤ ልኩ የሆነ ካላማዳሪያም ዱርቤቴ ላይ አታገኙም። ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውጫ፣ የእጅ ፖምፓና የምታጠብቁባቸው ቁልፎች ከእናንተ ጋር ይሂዱ። ካላማዳሪያ መቀየርን ደግሞ ቤት ውስጥ ተለማመዱት፤ ቀይራችሁ ከመንፋታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣታችሁ ዳብሱ። የቀጠነ ሽቦ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም ይበሳዋል።

ለቀኑ ብሎ አዲስ ነገር መግዛትም ይቅር። አዲስ ሴላ (የብስክሌት መቀመጫ)፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቁምጣ የሚፈተኑት በአጭር መንገድ ነው። ስፖንጁ የወፈረ ለስላሳ ሴላ ሱቅ ውስጥ ይመቻል፤ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን ይሰምጥና ሥጋ ይፈትጋል። ባለ ስፖንጁ ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ነው የሚለበሰው፤ የሚፋተገው ቦታ ቫዝሊን ይቀባል። ማፈር አያስፈልግም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው።

መንገዱን የራስ አድርጎ መንዳት

ከሰው ኋላ ተጠግቶ መንዳት ነፋሱን ስለሚሰብር ከጉልበታችሁ ሩብ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። የሚቆጥበው ግን የፊተኛው ድንገት ፍሬን ካልያዘ ነው። የፊት ጎማችሁን ከሌላው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ፤ ሲነካካ የሚወድቀው ኋላ ያለው ነው። ፊት ያለው ሰው ደግሞ አፍ ሊኖረው ይገባል፦ «ጉድጓድ!»፣ «ብሬከር!»፣ «አህያ!» ብሎ ለኋለኛው መንገር። በገበያ ቀን ከከተማ መግቢያና መውጫ ላይ አህያው፣ ከብቱና ጭነት የያዘው ሰው መንገዱን ይሞሉታል። አህያ ጥሩንባ ሰምታ ወዴት እንደምትዞር ባለቤቷም አያውቅም። ቀስ በሉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ እለፉ። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከሰለው ከሰል በመኪና ሲጫን ከስፋቱ አልፎ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ መኪና ሲቀድማችሁ ከአስፋልቱ ጠርዝ ሳትወጡ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ።

መብራት ደግሞ ምርጫ አይደለም። ፀሐይ 12 ሰዓት አልፋ ትጠልቃለች፣ የእናንተ ገደብ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በጨለማ ነው የሚነዳቸው። የፊት ነጭ፣ የኋላ ቀይ መብራትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያስፈልጋሉ። የስልክ መብራት አይቆጠርም። ለአዊ ደጋ ብርድና ድንገተኛ ዝናብ ደግሞ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ስስ የዝናብ ጃኬት ያዙ።

ከደብረ ማርቆስ አልፎ በደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚወርድ ጉዞ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,400 ሜትር ወደ 1,100 ገደማ ይወረዳል፤ አስፋልቱ በመሬት መንሸራተት በየቦታው የተጨማደደ ነው። ፍሬን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ የጋለ ቸርኬ ካላማዳሪያ ያፈነዳል። ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ፤ አልፎ አልፎም ቆሞ ማብረድ ነው። ደጀን ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ድልድዩ ጋ በላብ ይጠመቃል፤ ውኃውን ከመውረዱ በፊት ይሙላ፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚጠብቀው አቀበት አለና።

ሳይናገሩ መቅረት

አዘጋጆቹ ስለ መንገዱ ሁኔታ የሚሉትን ስሙ። መንገድ ተዘግቷል ወይም ጉዞው ተሰርዟል ካሉ «እኔ ብቻዬን እሞክራለሁ» አይባልም። መንገድ ላይ ማቋረጥ በራሱ ምንም ነውር የለበትም፤ ጉልበቱ የተሰነጠቀ የሚመስለው፣ ማስታወክ የጀመረው ወይም የሚንቀጠቀጥ ሰው መቆም አለበት። ችግሩ አንዳንዱ ሰው አፍሮ ዝም ብሎ መጥፋቱ ነው። እሱ ቤቱ ገብቶ ገላውን ሲታጠብ አዘጋጆቹ ሌሊቱን በችቦና በመኪና ከዱርቤቴ እስከ መርዓዊ ቦይ ለቦይ ይፈልጉታል። የአዘጋጁን ቁጥር በስልካችሁ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዙ፣ ባትሪ ያልቃልና። ለማቋረጥ ከወሰናችሁ ብስክሌቱን አባዱላ ላይ ከማስጫናችሁ በፊት ደውሉ፤ ኔትወርክ ከሌለ በቅርቡ ላለው ጣቢያ ወይም ለሚያልፍ ተሳታፊ ስማችሁንና የካርድ ቁጥራችሁን ስጡ።